ጀርባዬ የመረጠው ፍራሽ

ጅዳ ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፓስፖርቴ ግን ሃያ ስድስት ይላል፤ ደላላው ነው ያስረጀኝ። ከኮምቦልቻ ስነሳ ታናሽ እህቴ ሰዓዳ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ፓስፖርቴን አገላብጣ አየችና «አንድ ሌሊት ተኝተሽ ሰባት ዓመት አረጀሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቀልደኛ ናት። እስከ ዛሬም አልለቀቀችኝም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው የወሰደኝ ከፊሌ ራሱ ነው፤ ያስመጣኝ አሠሪ ማለት ነው። ቤት ስንደርስ ሚስቱ ማዳም ነዋል በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የእኔ አረብኛ ከቁርአን ቤት የተረፈኝ ብቻ ነው። እሷ «ሐምዱሊላህ» ስትል እኔ «ቢስሚላህ» እያልኩ ደረጃውን ወጣን።

አንድ ክፍል ከፈተችልኝ። መሃሉ ላይ ዙሪያውን በእንጨት ርብራብ የታጠረ ነገር ቆሟል፤ ውስጡ የአምስት ወር ሕፃን ተኝታለች። እኛ አገር እንዲህ ታጥሮ የማውቀው ጥጃ ነው። ልጅማ እናቱ ብብት ሥር ነው የሚተኛ። ማዳም ድንጋጤዬን አይታ ርብራቡን በጣቷ መታ መታ አደረገችና «ሰሪር፣ ሰሪር» አለችኝ። አልጋ ነው ማለቷ ነው። ልጅቱ ሊን ትባላለች። የእኔ መኝታ ከእሷ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ የተዘረጋ፣ ውፍረቱ አራት ጣት የሚሆን የጥጥ ፍራሽ ነው። ጡራሃ ይሉታል።

ሥራዬን በምልክት አስረዳችኝ፦ ጡጦ ማፍላት፣ ሽንት ጨርቅ መለወጥ፣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ምግብ ሲሠራ ማገዝ። አንድ ነገር ደግሞ ከለከለችኝ። ልጅቱ ባለቀሰች ቁጥር እንዳላነሳት። እኔም አላነሳኋትም። ግን እጄን በርብራቡ መሃል አሾልኬ ሆዷን መታ መታ አደርጋታለሁ። እጄ ርብራቡ ላይ እንደተንጠለጠለ ሁለታችንንም እንቅልፍ ይወስደናል። ይህችን ብልሃት ማንም አላስተማረኝም።

ሊን ሁለት ዓመት ተኩል ሞላት። አረብኛውን ከእናቷ፣ «ነይ» እና «እምቢ»ን ከእኔ ተምራለች። ማዳም ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆነች። ያ ርብራብ አልጋ ለሚመጣው ሕፃን ሊለቀቅ ነው፤ ሊን ግን መልቀቂያዋን ሳትጠብቅ በራሷ ጊዜ ወጣች። አንድ ቀን ጧት ኩሽና ሩዝ ሳጥብ ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ደረስኩ። ርብራቡን ተንጠላጥላ ወርዳ በአፏ ተደፍታለች። የላይኛው ከንፈሯ ተሰንጥቋል። እኔ ከእሷ ብሼ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን አያቷ ከመካ መጡ። ማማ ከቢራ ነው የምንላቸው፣ ትልቋ እማማ እንደ ማለት። ሚስፈላ በሚባለው የመካ ሰፈር ለሐጃጆች የሚከራይ ቤት ያላቸው፣ ሦስት ሰው የሚያዝዘውን ብቻቸውን የሚያዝዙ ሴት ናቸው። የልጅቱን ከንፈር አዩ፣ የማዳምን ሆድ አዩ፣ መጨረሻ እኔን አዩኝ። ከዚያ ለማዳም እንዲህ አሏት፦

«ልጅቱን እኔ ጋ አምጪያት፣ እኔ አሳድጋታለሁ። ይችን ወደ መክተብ መልሻት። ለአራስ ቤት የበሰለ ሰው ነው የሚያስፈልግሽ።»

መክተብ ያስመጣን ቢሮ ነው። ወደዚያ የተመለሰች ልጅ ከሌሎች ጋር በተዘጋ ክፍል ተቀምጣ ማን እንደሚወስዳት፣ ወዴት እንደሚወስዳት ሳታውቅ ትጠብቃለች። እኔ የፈራሁት ግን እሱን ብቻ አልነበረም። ሊንን ከአምስት ወሯ ጀምሬ ያሳደግሁ እኔ ነኝ።

ማዳም ነዋል ከአማቷ ጋር አትከራከርም። ያን ቀን ግን ረመዷን እስኪገባ ጊዜ ስጡኝ አለቻቸው። ሊን እስከዚያ በራሷ አልጋ መተኛት ከለመደች ሁለታችንም እንቀራለን፤ ካልለመደች እሳቸው እንዳሉት ይሆናል። ረመዷን አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

አልጋው ራሱ ተገዝቶ መጥቷል፤ ነጭ፣ ዝቅ ያለ፣ ርዝመቱ ትልቅ ሰው የሚያስተኛ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ መከላከያ ያለው። ፍራሽ የለውም። ማዳም እግሯ አብጦ መሄድ ስላልቻለች ከሾፌሩ ጋር ሄጄ እንድመርጥ አዘዘችኝ። ምን ልበላችሁ፣ በደስታ ላብድ ነበር። እስከዚያ ቀን ሱቅ የገባሁት ከረጢት ይዤ ከኋላ ከኋላ ስከተል ነው። አሁን መራጭ ሆኜ ልገባ ነው። አልጋውን መጀመሪያ በስንዝር ለካሁት። ስንዝሬን ስላላመንኩት ደግሞ በሲባጎ ለካሁና ርዝመቱ ላይ አንድ፣ ወርዱ ላይ ሁለት ቋጠሮ አሰርኩ። ሲባጎዋን ጡቴ ሥር ወሸቅኳት።

ሾፌሩ ኑሩ የከሚሴ ሰው ነው፤ እንደ ወንድሜ የማየው። ሱቁ ውስጥ ሻጩ እኔን አልፎ ኑሩን ማናገር ጀመረ። ኑሩ እጁን አጣምሮ «እኔን አታናግረኝ፣ የእኔ ሥራ መሪ መያዝ ነው። ሙዲራዋ እሷ ናት» አለው። ሙዲራ አለቃ ማለት ነው። ወላሂ፣ ቁመቴ አንድ ስንዝር ጨመረ።

ሻጩ ባለሞላውን አሳየኝ፣ ደረቁን ስፖንጅ አሳየኝ፣ ድርብርቡን አሳየኝ። ሲባጎዬን አውጥቼ እለካለሁ፣ በመዳፌ እጫናለሁ፣ እንዳዋቂ «እህም» እላለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት ስንዝር የሚወፍር፣ ላዩ ደመና የመሰለ ፍራሽ ጋ ደረስን። ፍራሽ ሳይተኙበት አይታወቅም አለኝ። ሱቁ ባዶ ነው። ሻጩ ላስቲክ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሲገባ ጫማዬን አውልቄ፣ አባያዬን ሰብስቤ ጋደም አልኩ። ለአንድ ደቂቃ ብዬ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በእግሬ ነበርኩ። በቀን ጀርባዬ መሬት ከነካ ሁለት ዓመት አልፎታል። ፍራሹ ወገቤን ገባ ብሎ ተቀበለኝ፣ ትከሻዬን አቀፈኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

«ዘሃራ፣ ተነሽ እንጂ» ይለኛል ኑሩ። «የዙህር አዛን ብሏል፣ ሰውየው ለሶላት ሊዘጋ ነው። ከዕቃው ጋር ይቆልፍብናል።»

ዓይኔን ስገልጥ የሱቁ መዝጊያ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ሻጩ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ቆሟል። ሀፍረቴን የት ላግባው? ሌላውን ላይ፣ ላመዛዝን የምልበት ፊት አልነበረኝም። የተኛሁበትን በእጄ ጠቆምኩና «ይሄን» አልኩ። ኑሩ እስከ ቤት ድረስ እየሳቀ ነዳ።

ማዳም ፍራሹን በእጇ ጫን አድርጋ ተደሰተች። ሊንም ዘለለችበት፣ ተንከባለለችበት። እኔ ምኑን አውቄው፣ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኛል።

ከምሳ በኋላ የቀትር እንቅልፍ ሰዓት ደረሰ። እዚያ አገር በዚያ ሰዓት ሰውም ድመትም ይተኛል። ሊንን አስተኛኋት። መሃሉ ላይ ሰመጠች። ልትገለበጥ ስትል ጉድጓዱ ይመልሳታል። ጀርባዋ በላብ ራሰ። ጥቂት ተነጫንጫ ተነሳች፣ ከአልጋው በሆዷ ተንሸራታ ወረደች፣ መጥታ የእኔ ጡራሃ ላይ ተዘረጋች። እንደ ድንጋይ ተኛች። ማታም እንደዚያው። በማግስቱም እንደዚያው። መልሼ አወጣታለሁ፣ «እምቢ» ብላ ትወርዳለች። ሁለት ሳምንት በዚህ አለቀ።

ማዳም አንድ ቀን ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣ፣ ልጅቱ የምትፈልገው ፍራሽ ሳይሆን አንቺን ነው አለችኝ። በቁጣ አይደለም፣ በሐዘን ነው። ከእኔ ካልተለየች ደግሞ የአማቷ ነገር እውነት ሊሆን ነው። እኔም እንደዚያው ጠርጥሬ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር።

ነገሩን መፈተን አለብኝ አልኩ። በማግስቱ የቀትር እንቅልፍ ሰዓት ሊንን አልጋዋ ላይ አስተኝቼ ጡራሃዬን ባዶውን ትቼ ወጣሁ። በበሩ ስንጥቅ አያታለሁ። ተነጫነጨች፣ ወረደች፣ ክፍሉን ዞር ብላ አየች፣ እኔ የለሁም። አልጠራችኝም። ባዶው ጡራሃ ላይ ወጥታ፣ ቂጧን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ጉንጯን አስደግፋ ጭልጥ አለች።

መጀመሪያ ከፋኝ። ለካ እኔን አይደለም የምትፈልገው፣ ፍራሼን ነው። ቀጥሎ ግን ጮኼ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። አፌን በሻሼ ይዤ ወደ ማዳም ሮጥኩ። እጇን ስቤ አስነሳኋትና በስንጥቁ አሳየኋት። ቆማ አየች። «እና አሁን ምን እናድርግ?» አለችኝ። ማዳም ምን እናድርግ ብላ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ደንደን ያለ የጥጥ ፍራሽ በልኳ ይሰፋላት አልኳት። ጥሩ የጥጥ ፍራሽ ሰፊ የሚያውቅ ማነው? ማማ ከቢራ። የት? ሚስፈላ። ጉዳዩ እዚያው ልጅቱን ሊወስዷት ካሰቡት ሴት ደጅ አደረሰን።

ጁምዓ ዕለት ሄድን። ሰው መንገዱን ሞልቶት ስለነበር መኪናውን ኩዳይ በሚባለው ማቆሚያ አቁመን ሊንን አዝዬ ቀሪውን በእግር ወጣን። ማዳም እቤት ቀርታለች፤ ስልክ ደውላ ነገሩን አስረድታለች። ማማ ከቢራ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ሰላምታውን ሳንጨርስ «ሱቅ ውስጥ ተኛሽ አሉ» አሉኝ። ኑሩን ዞሬ አየሁት፤ እሱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

ፍራሽ ሰፊው ዐም ያሲን፣ አጎቴ ያሲን እንደ ማለት፣ ይባላሉ፤ ጢማቸው ላይ ጥጥ የተበተነባቸው ሽማግሌ ናቸው። ከጠባቡ ሱቃቸው ውጭ ሆኜ የሰማሁት ድምፅ ልቤን አዘለለው። ደጋን ነው። ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን። የእናቴ ደጋን የአንድ ክንድ ናት፤ የእሳቸው ከእኔ ቁመት ይበልጣል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። እናቴ ስትነድፍ ባዘቶውን የማነሳላት እኔ ነበርኩ። ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ በዚያ አገር የማውቀው ሥራ ሲሠራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለት ጆንያ ጥጥ ከፍተው አሳዩን፣ ከሁለቱም ቀላቅለው ሊሞሉልን። ማንም ሳያዘኝ ከአንደኛው ቆንጥሬ በሁለት ጣቴ ሳብኩት፤ ረዘመ። ከሁለተኛው ሳብኩ፤ ብጥስ አለ፣ ትንሽ አቧራም ቦነነ።

«ዐም ያሲን፣ ይሄኛው ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ደጋኑን አስቀመጡ። «ማን ነገረሽ?»

«እናቴ።»

ማማ ከቢራ በመሃላችን ገቡ። ዓይናቸው ከእጄ ላይ አልተነሳም። «ጥጥ ታውቂያለሽ እንዴ? ታዲያ ጅዳ ሱቅ ውስጥ ተኝተሽ ያን የመረጥሽ ምን ነክቶሽ ነው?»

ብዙ መልስ ማምጣት እችል ነበር። ሻጩ አሳሳተኝ ማለት ይቻላል። አዛን ሆነብኝ ማለት ይቻላል። «ማማ፣ ደክሞኝ ነበር» አልኳቸው።

እጄን ትተው ፊቴን አዩ። በኋላ እንደሰማሁት፣ በወጣትነታቸው የሐጃጁን አንሶላ ሁሉ በእጃቸው ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ናቸው። ያኔ ግን አላወቅሁም፤ አስተያየታቸው የቁጣ መስሎኝ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ያወጡኝ ዐም ያሲን ናቸው።

«ሱቅ ውስጥ ፍራሹ ላይ የተኛው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያ ለራስሽ ገዛሽ። አንቺን ይሸከምሻል፣ እሷን ይውጣታል። ልጅቱን ወዲህ አምጪ።»

ሊንን ከጀርባዬ አውርጄ ጫማዋን አወለቅኩላት። ሽማግሌው በአንድ ዓይነት ስፋት፣ በተለያየ ጥጥ የተሞሉ ሦስት ፍራሾች ዘረጉ። አንድ በአንድ አስተኛናት፣ አገላበጥናት፣ አነሳናት። በተነሳች ቁጥር ፍራሹን አይተሽ ንገሪኝ ይሉኛል። አንደኛው ላይ የጭንቅላቷና የቂጧ ጉድጓድ ቀረ። ሁለተኛው ጉድጓድ አልተወም፣ ግን እንደ ግንድ ደርቆ ክርኗን ስለጎዳት ፊቷን አኮማተረች። ሦስተኛው ላይ ያለ ችግር ተገለበጠች፣ ስትነሳም ላዩ ቀስ ብሎ ተስተካከለ። መነሳቱን ራሱ እምቢ አለች። አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ እየመታች «ነይ» አለችኝ።

ኑሩ «አደራ፣ እሷን እንዳታስተኚያት፣ የዐስር ሶላት ሊደርስ ነው» አላት በአማርኛ። ሊን ምን እንዳላት ሳይገባት ሳቀች።

በዚያው ልክ ተሰፋ። ጥጡ ሁሉ ከአዲሱ ጆንያ፤ ማማ ከቢራ ራሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲሞላ ጠበቁ። ወርዱንና ርዝመቱን ከሲባጎዬ ወሰዱ። ውፍረቱ ስድስት ጣት። በረጅሙ መርፌ በየስንዝሩ ወጋ ወጋ እያደረጉ ጥጡ እንዳይሸሽ አሰሩት። ኑሩ ጠቅልሎ በራሱ ላይ ተሸክሞ በሐጃጁ መሃል ወደ ኩዳይ ወረደ። ከኋላው እያየሁ የሳቅሁት ሳቅ የሱቁን ሀፍረት ካሰልኝ።

ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶናል። አዲሱን ፍራሽ ቶሎ አልጋው ላይ አላወጣሁትም። መጀመሪያ ወለሉ ላይ፣ ከእኔ ጡራሃ ጋር አስነክቼ ዘረጋሁት። ሊን የራሷ ላይ ተኛች፣ እጇ የእኔ ላይ። በማግስቱ የእኔን ጡራሃ አንድ ስንዝር ወደ በሩ ሳብኩት። በሦስተኛው ቀን ሌላ ስንዝር። በየቀኑ አንድ ስንዝር ብቻ፣ ከዚያ አላልፍም። በሳምንቱ የእሷን ፍራሽ ወደ አልጋው አወጣሁት፤ እኔ ያለሁበት ቀረሁ። አንድ ቀን ወርዳ መጣችብኝ። ሳልናገር አቅፌ መለስኳት። በማግስቱ አልወረደችም። ጡራሃዬ በሩ ጋ ደረሰ። ደፉን ተሻገረ። ኮሪደር ላይ ወጣ።

ረመዷን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ማማ ከቢራ ሳይደውሉ መጡ። የቀትር እንቅልፍ ሰዓት ነው። ኮሪደር ላይ የተዘረጋውን ጡራሃዬን ተሻገሩት፣ በሩን ገፋ አድርገው አዩ። ሊን በጎኗ ተኝታለች፣ ብርድ ልብሱን ረግጣ ጥላዋለች። ማዳም ከኋላቸው ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ።

በሩን ቀስ ብለው መለሱት። «ኸላስ» አሉ፣ አለቀ እንደ ማለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሂጂ፣ አንቺም ተኚ። ሻዩን እኔ አፈላለሁ» አሉኝ። ማዳም እስክትወልድ እዚያው ከረሙ። መክተብ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው አልሰማሁትም።

ወንዱ ልጅ ተወለደ፣ ርብራቡ አልጋ ውስጥ ገባ። ያ ደመና የመሰለው ፍራሽስ? ማዳም ለእኔ ሰጠችኝ። የራሴ ክፍልና አልጋ ተሰጠኝና ዘጠኝ ዓመት ተኛሁበት። ጀርባዬ አልተሳሳተም ነበር፤ የመረጠው ለሌላ ሰው መሆኑን ረስቶ ነው እንጂ።

በዚያ ቤት ከሊን በኋላ ሁለት ልጆች ከርብራብ አልጋ አውጥቻለሁ፣ ለጎረቤት ማዳሞችም ተልኬ ሦስት አውጥቻለሁ። አካሄዴ ያው ነው። ልጁን ይዞ መሄድ። ጫማውን አውልቆ ማስተኛት፣ ማገላበጥ፣ ማንሳት፣ ፍራሹን ማየት። ጉድጓድ ከቀረ መተው። ልጁ ከተኮማተረ መተው። የራስን መኝታ በየቀኑ አንድ ስንዝር ማራቅ። አሁን ለመሄድ የምትነሱ እህቶቼ፣ ሥራችን ውስጥ አብዛኛው ነገር ለሌላ ሰው መምረጥ ነው። ስትመርጡ የማን ጀርባ እንደሚተኛበት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሲደክማችሁ ደግሞ ደክሞኛል በሉ።

ርብራቡን አልጋ ሥራ ሲያበቃለት ማዳም ሸለመችኝ፤ በጅዳ ወደብ በኩል በመርከብ አገር ቤት ለእህቴ ላክሁት። ያኔ ሰዓዳ ደሴ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። የሱቁን ታሪክ በስልክ ስነግራት እየሳቀች ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች።

ልጁ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሞላው ሰዓዳ ደሴ ፍራሽ ቤት ይዛው ሄደች። ጫማውን አውልቃ በየፍራሹ አስተኛችው። አምስተኛው ላይ በጎኑ ተገለበጠ፣ ጣቱን ጎረሰ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ባለሱቁ አንሺው አላት። እህቴ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እስኪነቃ ጠበቀችው። ከዚያ ያንኑ ገዝታ ሄደች።